ርካሽ የእጅ መላጊያን ለሥራ ማዘጋጀት

የእጅ መላጊያ ከእንጨት ገጽ ላይ ስስ ፍቅፋቂ እያነሳ ጣውላን የሚያስተካክል፣ የሚያለሰልስና ውፍረቱን በመጠኑ የሚቀንስ የአናጢ መሣሪያ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ መላጊያ ከሳጥኑ እንደ ወጣ ብዙውን ጊዜ በደንብ አይልግም። ምላጩ በሻካራ ድንጋይ ብቻ ተስሏል፣ እርስ በርሳቸው ሊገጥሙ የሚገባቸው ብረቶች ክፍተት አላቸው፣ የታችኛው ገጹም ሙሉ በሙሉ የተስተካከለ አይደለም። በዚህ የተነሳ ጣውላውን ይቦጭቃል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ይደፈናል። ጀማሪው ግን ጥፋቱ የእንጨቱ ወይም የራሱ እጅ እየመሰለው መሣሪያውን ይጥላል። ሆኖም ጥቂት ሰዓት የሚወስድ ዝግጅት አብዛኛውን ርካሽ መላጊያ ለቤት ዕቃ ሥራ የሚበቃ ያደርገዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የቤይሊ ዓይነት የሚባለውን ባለ ብረት አካል መላጊያ ነው። በተለይም ቁጥር 4 በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን የማለስለሻ መጠን ይመለከታል፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚገዙት እሱን ነው።

አመጣጥ

መላጊያ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ ቁፋሮ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ የአብዛኛው መላጊያ አካል እንጨት ነበር። ምላጩ በሽብልቅ ይወጠራል፤ ጥልቀቱም በመዶሻ ቀስ ብሎ በመምታት ይስተካከላል። በብዙ አገሮች አናጢዎች ዛሬም በዚህ ዓይነት መላጊያ ይሠራሉ።

የዛሬው ባለ ብረት መላጊያ መልኩን ያገኘው በአሜሪካ ነው። በቦስተን ይሠራ የነበረው ሊዮናርድ ቤይሊ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምላጩን ጥልቀት በመዘውር የማስተካከያ ዘዴዎችን ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣባቸው። በኮነቲከት ግዛት በኒው ብሪተን ከተማ የነበረው የስታንሊ ኩባንያ በ1869 መብቶቹን ገዝቶ መላጊያዎቹን እንደ ርዝመታቸው ከቁጥር 1 እስከ 8 እየሰየመ አወጣቸው። ቁጥር 4 ወደ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ቁጥር 5 ደግሞ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የሁለቱም ምላጭ 2 ኢንች ወይም 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። መብቶቹ ጊዜያቸው ሲያልፍ ንድፉን ማንም መሥራት ቻለ። በእንግሊዝ ሼፊልድ ሪከርድ የተባለው አምራች ከ1931 ጀምሮ ሠርቶታል፤ ኋላም በሕንድና በቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ይመረት ጀመር።

ውድና ርካሽ መላጊያ በንድፍ ብዙም አይለያዩም። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከብረቱ ዓይነት፣ ከምላጩ ውፍረትና ፋብሪካው ገጾቹን ለማስተካከል ካጠፋው ጊዜ ነው። የመጨረሻውን ገዢው በራሱ ጉልበት ሊተካው ይችላል።

ዋና ዋና ክፍሎች

አካሉ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። ምላጩ የሚወጣበት ቀጭን ቀዳዳ አፍ ይባላል። ከአፉ በስተኋላ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ የምላጭ ማረፊያ አለ፤ እሱም በሁለት ብሎኖች ከአካሉ ጋር ይታሰራል። ምላጩ በማረፊያው ላይ የሚቀመጠው ሰያፍ ሆኖ የተሞረደው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ነው። (ብዙ አዲስ ተጠቃሚዎች ገልብጠው ይገጥሙታል፤ እንዲያ ሲሆን መላጊያው ምንም ያህል ቢሳል አይሠራም።) በምላጩ ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ ጫፉ ጎበጥ ያለ ሌላ ብረት በብሎን ይታሰራል። ይህ በዚህ ጽሑፍ ደራቢ ብረት ተብሏል። ሁሉንም ከላይ የሚጫነው በአውራ ጣት የሚቆለፍ መጫኛ ነው። ከምላጩ ሥር ያለው መዘውር ጥልቀቱን ይወስናል፤ ከበላዩ ያለው ዘንግ ደግሞ ምላጩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ጀማሪዎች ጊዜ የሚያባክኑት አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ገጽ ላይ ነው። ገጹን እንደ መስታወት ለማድረግ አንድ ሙሉ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ይውሉና ምላጩን በአሥር ደቂቃ ይስሉታል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ያልተሳለ ምላጭ በፍጹም ገጽ ላይ ቢቀመጥም እንጨት ይቦጭቃል፤ የተሳለ ምላጭ ግን መጠነኛ ጉድለት ባለው ገጽም ይልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ምላጩ፣ ቀጥሎ ደራቢው፣ ከዚያ ማረፊያው፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ከሆነ ታችኛው ገጽ ይሠራል። ምላጩና ደራቢው ተሠርተው መሣሪያው ከተሞከረና በደንብ ከላገ ቀሪውን መተው ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ይፈታል። አዲስ መላጊያ ዝገት እንዳይበላው ቅባት ተቀብቶ ስለሚመጣ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ ይጠረጋል። አሮጌ ከሆነ አካሉ በተለይ በአፉ ዙሪያና በጎኖቹ ላይ እንዳልተሰነጠቀ በደንብ ይታያል። የተሰነጠቀ አካል ላይ ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም።

ምላጩን መሳል

ስለት ማለት የሁለት ገጾች መገናኛ ነው፤ አንዱ ሰያፉ ፊት፣ ሌላው ጠፍጣፋው ጀርባ። ሰዎች ሰያፉን ብቻ እየሳሉ ጀርባውን ይረሱታል፤ ፋብሪካው በጀርባው ላይ የተወው ጭረት ግን ስለቱ ላይ ሲደርስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

ለመሳል ውድ ድንጋይ አያስፈልግም። ወፍራም የመስኮት መስታወት ቁራጭ ላይ ውሃ ተረጭቶ ለውሃ የሚሆን ብርጭቆ ወረቀት ከተለጠፈበት በቂ ነው። ቁጥር 240፣ 400፣ 800፣ 1500 እና 2000 አንድ አንድ ቅጠል ሥራውን ይጨርሳል። መስታወቱ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሠራ ስለሆነ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይልቅ ይታመናል።

መጀመሪያ ጀርባው ይስተካከላል። ሙሉውን ጀርባ ማሸት ከንቱ ድካም ነው፤ ከስለቱ አጠገብ ያለው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ከሆነ ይበቃል። ለዚህ እንግሊዛዊው የእንጨት ሥራ መምህር ዴቪድ ቻርልስዎርዝ ያስፋፉት አቋራጭ አለ። በድንጋዩ ወይም በመስታወቱ አንድ ዳር ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትወፍር የብረት ማስመሪያ ትቀመጣለች። የምላጩ ጀርባ በማስመሪያዋ ላይ ተደግፎ ስለቱ ብቻ በማዶው ዳር የመሳያውን ገጽ ይነካል። የሚፈጠረው ዝንባሌ ከ1 ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ በአሠራሩ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የሰዓታት ማሸትን ግን ወደ ጥቂት ደቂቃ ያወርዳል። ይህ ዘዴ ለመላጊያ ምላጭ እንጂ ለመሮ አይሆንም፤ መሮ ጀርባው እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ መሆን አለበት።

ሰያፉ ፊት በፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ ሆኖ ይመጣል። የሚሠራው ጫፍ ግን 30 ዲግሪ ቢሆን ስለቱ ይበልጥ ይቆያል። ሙሉውን ሰያፍ ወደ 30 መቀየር አያስፈልግም፤ ጫፉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሁለተኛ ሰያፍ ማውጣት ይበቃል። ማዕዘኑን በእጅ ብቻ ጠብቆ መሳል ልምድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከጎንና ከጎን የሚይዝ ባለ ጎማ ትንሽ መያዣ ይጠቅመዋል። በብዛት በሚሸጠው ዓይነት መያዣ የምላጩ ጫፍ 38 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲወጣ 30 ዲግሪ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሲወጣ 25 ዲግሪ ይሰጣል። ይህን ልክ በጣውላ ላይ ምልክት አድርጎ ሁልጊዜ በዚያው መለካት ነው።

በእያንዳንዱ የወረቀት ቁጥር ላይ የሚሳለው በጀርባው በኩል ስስ ትርፍ ብረት እስኪወጣ ድረስ ነው። ጣት ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ውጭ ሲንሸራተት ቧጨር የሚያደርግ ነገር ከተሰማ ስለቱ እስከ ጫፉ ደርሷል ማለት ነው። (ጣትን በስለቱ ላይ በርዝመቱ መጎተት አደገኛ ነው።) ይህ ትርፍ ብረት በምላጩ ስፋት ሁሉ ሳይወጣ ወደ ቀጣዩ ቁጥር የሚያልፍ ሰው ያልተሳለ ምላጭ ያንጸባርቃል እንጂ አይስልም። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ጀርባውና ሰያፉ እየተለዋወጡ በስሱ ወረቀት ይታሻሉ፤ ከዚያም በቆዳ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየተጎተቱ ይጸዳሉ።

የማለስለሻ ምላጭ ማዕዘኖች በጥቂቱ ቢከረከሙ ጥሩ ነው። በመጨረሻዎቹ ጭረቶች ላይ ጣት አንዴ በአንዱ ጠርዝ፣ አንዴ በሌላው ላይ ትንሽ ጫን ካለ ማዕዘኖቹ ይደበዝዛሉ። ያለበለዚያ እያንዳንዱ ማለፊያ በጣውላው ላይ የመስመር ምልክት ይተዋል።

የተሸረፈ ምላጭ በኤሌክትሪክ መሞረጃ ሲስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ብረቱ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙ ካለፈ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል። ሰማያዊ የሆነው ክፍል በሙሉ ተሞርዶ ካልወጣ ስለት አይቆይለትም። መፍትሔው በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ መንከርና ብረቱን በባዶ ጣት መያዝ ነው። ጣት ሊይዘው ካልቻለ እጅግ ሞቋል ማለት ነው።

ስለቱ መብቃቱ የሚፈተነው ለስላሳ እንጨት ጫፉ ላይ፣ ማለትም ክሩ በተቆረጠበት ገጽ ላይ ነው። የተሳለ ምላጭ የጥድን ቁራጭ ጫፍ ሳይፈረፍር ቆርጦ የሚያብለጨልጭ ገጽ ይተዋል።

ደራቢው ብረት

ደራቢው ምላጩን ከማጠንከር ሌላ ፍቅፋቂውን ወዲያው ወደ ላይ አጥፎ ይሰብረዋል። የእንጨት ክር ከስለቱ ፊት ቀድሞ ተሰንጥቆ እንዳይነቀል የሚያደርገው ይህ ነው። በምላጩ ላይ ብረት የመደረብ ዘዴ በአውሮፓ በ18ኛው መቶ ዘመን ተስፋፍቷል። በጃፓን በያማጋታ ዩኒቨርሲቲ ካዋይና ካቶ የተባሉ ተመራማሪዎች የፍቅፋቂውን አወጣጥ በቅርብ ካሜራ ቀርጸው የደራቢው ርቀትና የጫፉ ማዕዘን ምን ያህል ወሳኝ እንደ ሆነ አሳይተዋል። ፊልማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዘንድ ሲታወቅ ብዙ የእጅ መሣሪያ ተጠቃሚዎች አሠራራቸውን ለውጠዋል።

በርካሽ መላጊያ ላይ ደራቢው ሁለት ጉድለት ይኖረዋል። የመጀመሪያው ጫፉ በምላጩ ጀርባ ላይ ሙሉ በሙሉ አለመቀመጡ ነው። ሁለቱ ታስረው ወደ ብርሃን ሲያዙ በመካከላቸው ብርሃን ካሳየ ፍቅፋቂ በዚያ ክፍተት ይገባና መሣሪያውን ይደፍነዋል። ጉድለቱ የሚታረመው የደራቢውን የታች ጫፍ በመስታወቱ ላይ በማሸት ነው። በሚታሽበት ጊዜ የደራቢው ኋላ ክፍል ከመስታወቱ ዳር ወጥቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይያዛል። እንዲህ ሲሆን ምላጩን የሚነካው የፊቱ ጫፍ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ጉድለት ፍቅፋቂው የሚንሸራተትበት የላይ ፊት ሻካራ መሆኑ ነው። እሱም በስስ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ጫፉ ላይም 50 ዲግሪ ገደማ የሆነ ጠባብ ቁልቁለት ይወጣለታል።

ሲገጣጠሙ ደራቢው በምላጩ ላይ አግድም ከተቀመጠ በኋላ ይዞርና ወደ ስለቱ በዝግታ ይገፋል። ስለቱን ተሻግሮ እንዳይቧጭረው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለሻካራ ሥራ ከስለቱ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ለማለስለስ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ክሩ ለተጠላለፈ አስቸጋሪ እንጨት ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርቃል። የመጨረሻው በዓይን የሚታየው እንደ ቀጭን የብርሃን መስመር ብቻ ነው።

ማረፊያውና አፉ

ማረፊያው በአካሉ ላይ፣ ምላጩ ደግሞ በማረፊያው ላይ ሳይወዛወዝ መቀመጥ አለበት። በርካሽ መላጊያ ላይ በመካከላቸው ቀለም ፈስሶ ይገኛል፤ ይህ ተፍቆ ይነሳል። ጉብ ያለ ብረት ካለ በስስ ሞረድ በጥንቃቄ ይስተካከላል። የማረፊያው ብሎኖች በካቻቢቴ ሲጠብቁ ማረፊያው ቦታውን ይለውጣልና ከጠበቁ በኋላ እንደገና ማየት ይገባል። ምላጩ በአፉ ጠርዝ ላይ ሳይሆን በማረፊያው ላይ እንዲደገፍ የማረፊያው ፊት ከአፉ የኋላ ጠርዝ ጋር እኩል ይደረጋል።

የቀደሙ መጻሕፍት ማረፊያውን ወደ ፊት ገፍቶ አፉን ማጥበብ ይመክራሉ። ደራቢው በቅርብ ከታሰረ ግን ይህ ያን ያህል አያስፈልግም። እንዲያውም ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከጠበቡ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍት የሆነ አፍ ለጀማሪ ምቹ ነው። አፉን በሞረድ ማስፋት ግን ሊመለስ የማይችል ሥራ ስለሆነ በችኮላ አይነካም።

ታችኛው ገጽ

ገጹ መስተካከሉ የሚለካው በቀጥ ያለ ማስመሪያና በስስ የብረት ቅጠሎች ነው፤ መካኒኮች የካንዴላ ክፍተት የሚለኩባቸው ቅጠሎች ይሆናሉ። ቅጠል ከሌለ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር የጽሕፈት ወረቀት ያገለግላል። ማስመሪያው በገጹ ርዝመት ተቀምጦ ወረቀቱ በሥሩ የሚያልፍ ከሆነ ገጹ ሥራ ይፈልጋል።

ሙሉው ገጽ መስተካከል የለበትም። እኩል መሆን ያለባቸው አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ የፊቱ ጫፍ፣ ከአፉ ፊት ያለው ጠርዝ፣ ከአፉ ኋላ ያለው ጠርዝና የኋላው ጫፍ። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኛው ከአፉ ፊት ያለው ነው። እንጨቱን ስለቱ ከመድረሱ በፊት ጫን ብሎ የሚይዘው እሱ ነውና ያ ቦታ ጎድጓዳ ከሆነ ስስ ፍቅፋቂ ማንሳት አይቻልም። በአራቱ መካከል ያሉ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ጉዳት የላቸውም።

ለማስተካከል ቁጥር 80 ወይም 120 ወረቀት በመስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ገጹም በማይለቅ ቀለም ይሰመርበታል። ምላጩና መጫኛው እንደ ሥራ ጊዜው በቦታቸው ታስረው፣ ስለቱ ብቻ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታሻል። መጫኛው ሲጠብቅ አካሉን በጥቂቱ ስለሚያጎብጠው ባዶውን የተስተካከለ አካል ሲገጣጠም እንደገና ሊጠመም ይችላል። ቀለሙ ከአራቱ ቦታዎች ላይ ሲጠፋ ሥራው አበቃ። በስሱ ወረቀት ማንጸባረቁ ለዓይን ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም። ከመሥራት በፊት በገጹ ላይ የሻማ ሰም አንዴ ቢሰመር ግፊቱን በጣም ያቀልለዋል፤ ሰሙ በየጥቂት ደቂቃው ይታደሳል።

መገጣጠምና መሞከር

የመጫኛው ብሎን የሚጠብቀው መጫኛው በአውራ ጣት እንዲቆለፍ በሚያስችል መጠን ብቻ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ የጥልቀቱ መዘውር አይዞርም፤ ከላላ ደግሞ ምላጩ በሥራ ላይ ይሸሻል። መላጊያው ተገልብጦ ከፊት በኩል በገጹ ላይ ሲታይ ስለቱ እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል። መስመሩ በአንድ ወገን ከወፈረ የጎን ማስተካከያው ዘንግ ይገፋል። ይበልጥ አስተማማኙ መንገድ ትንሽ የእንጨት ስባሪ በስለቱ ግራና ቀኝ ላይ ጎትቶ የሚያነሳውን ማነጻጸር ነው።

ምላጩ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይገባል። መላጊያው በጣውላው ላይ እየተገፋ መዘውሩ በትንሽ በትንሹ ይዞራል፣ ስለቱ መንካት እስኪጀምር ድረስ። በርካሽ መሣሪያ ላይ መዘውሩ ግማሽ ዙር ወይም ከዚያ በላይ ያለ ምንም ውጤት በባዶው ሊዞር ይችላል። ይህ እንከን አይደለም። ነገር ግን ምላጩ ከተመለሰ በኋላ የመጨረሻው ዙር ሁልጊዜ ወደ ፊት መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ በመጀመሪያው ግፊት ወደ ኋላ ይሸሻል።

ለመሞከር ክሩ ቀጥ ያለና ብዙም የማይጠነክር እንጨት ይመረጣል። በኢትዮጵያ ዋንዛ ለዚህ ይስማማል። ባሕር ዛፍና ወይራ ግን ለጀማሪ ይከብዳሉ፤ በእነሱ ላይ የደረሰ መቦጨቅ ሁልጊዜ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም። በደንብ የተዘጋጀ መላጊያ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር፣ ከጣውላው ስፋት ጋር እኩል የሆነና የማይቆራረጥ ፍቅፋቂ ያወጣል።

መላጊያው ከተንቀጠቀጠ ማረፊያው ወይም መጫኛው ላልቷል፣ አለዚያም ስለቱ ደንዝዟል። ፍቅፋቂው በአንድ ወገን ብቻ ከወጣ ምላጩ አዘንብሏል። ከተደፈነ ደራቢው አልገጠመም። ከቦጨቀ ደግሞ ጣውላውን አዙሮ በሌላው አቅጣጫ መሞከር ነው፤ ክሩ ወደ ላይ እያደገ በሚሄድበት አቅጣጫ ሲላግ ስለቱ ከሥሩ አይገባም። ከዞረም በኋላ ከቦጨቀ ምላጩ ይሳልና ደራቢው ይቀርባል።

አያያዝ

በሥራ መካከል መላጊያ በጎኑ ወይም በእንጨት ላይ እንጂ ስለቱ ብረት ሊነካ በሚችልበት ቦታ አይቀመጥም። ከሥራ በኋላ ሰጋቱራውና ፍቅፋቂው ይጠረጋል፣ ገጹም ስስ ዘይት ይቀባል። የእጅ ላብ በአንድ ሌሊት ዝገት ሊያስነሳ ይችላል። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ደርቆ ይሰበራልና ከጠረጴዛ ወደ ሲሚንቶ የወደቀ መላጊያ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ምላጩ በተከታታይ ሥራ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ ወረቀት ይታደሳል፤ ጀርባው አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ይህ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።